የዱፊ ኦቾሎኒ

ከኩማሲ ወጥቶ፣ ቀዩ መንገድ ታጥፎ፣ ካካዎው ሲጀምር፣
ቆርቆሮ የደፋ፣ ግድግዳ የሌለው፣ የናስ ሠሪ ሰፈር።
ወናፍ ነፊው እኔ፣ አሥራ አራት ዓመቴ፣
ጥቀርሻ ነው ፊቴ፣ ዐመድ ነው ደረቴ።
ጌታዬ ኦፓኒን ድዋሜና ይባላል፤
ሲናገር አይደለም፣ ዝም ሲል ያስተምራል።

ማክሰኞ ነው፣ ጧት፤ ዱፊ መጣች፣ ባሏ የሞተባት፣
ባንድ እጇ ጓጉንቸር፣ ባንዱ ጨብጣ ይዛ የማይታይ ንብረት።
ጓጉንቸሩ ናስ ነው፣ የአሞአቴንግን ሱቅ ሃያ ዓመት የዘጋ።
ጭብጧን ስትፈታ፣
አንዲት ኦቾሎኒ፣ ከነቅርፊቷ፣ በመዳፏ አልጋ።

«ሊፈለፍላት ሲል ነው የወደቀ፤ እኔ ነኝ ከጣቱ መንጭቄ ያወጣኋት።
ነቀዝ ሳይቀድመኝ ናስ አድርግልኝና፣ ልጄ አንገት ላይ ልሰርላት።»

ጌታዬ ተቀብሎ ከጆሮው ሥር ነቀነቃት።
ሁለቱ ፍሬዎች ከውስጥ መለሱለት።

«ሌላውን ጌጥ ሁሉ በሰም እቀርጻለሁ፤ ቢበላሽ ሌላ ሰም አለኝ።
ይቺ ግን ሰም የላት፣ ራሷ ናት ሰሟ፤ ሁለተኛ አትገኝ።
ጭቃ አለብሳታለሁ። እሳት አበላታለሁ። ናስ የሚገባው
እሷ ስትወጣ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ቤት አይኖሩም።
ምረጪ። አልቸኩልም።»

ዱፊ ሰማዩን አየች። ዝናብ አልነበረም።
«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች።

ከጫፏ ሰም ተከልን፣ እንደ አይጥ ጅራት የቀጠነ፣ ለናሱ መንገድ።
ከሰል ወቀጥን፣ በጨርቅ ነፋን፣ በቀጭን ጭቃ ለወስን፣
በዶሮ ላባ ቀባናት፣ የአራስ ልጅ ገላ ይመስል ቀስ ብለን፤
አረፋ ከቀረ ናሱ ላይ ኪንታሮት ሆኖ ይወጣልና።
በጥላ ደረቀች። ደገምን።
በጥላ ደረቀች። ሠለስን።
ከዚያ ወፍራሙን ጭቃ፣ የዘንባባ ጭረት የገባበትን።

በአምስተኛው ቀን እሳት። መጀመሪያ የሸተተው
የተቆላ ኦቾሎኒ ነው።
እውነቱን ልናገር? ራበኝ።
ዱፊ አጠገቤ ነበረች፤ ዞሬ አላየኋትም።
ቀጥሎ ያረረ ሸተተ።
ቀጥሎ ምንም።

ጌታዬ ቅርጹን ገልብጦ በሸምበቆ እፍ አለበት፤
የአውራ ጣት ጥፍር የማይሞላ ግራጫ ትቢያ ወጣ።
ነፋስ ወሰደው፣ ወደ ካካዎው።

ጓጉንቸሩን ሰበርን፤ ብረቱን ጣልን፣ ናሱን ለቀምን፣
በጭቃ ጽዋ ከትተን፣ ጽዋውን ከቅርጹ አፍ ላፍ ገጥመን፣
ስንጥቁን ደፈንን፤ ቅል መሰለ፣ ወገበ ቀጭን።
ወናፉን ነፋሁ። ክንዴ ዛለ። ነፋሁ።
ነበልባሉ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ጫፉ ላይ አረንጓዴ፤
«አሁን!» አለና በመቆንጠጫ አንሥቶ ገለበጠው።
ከላይ የነበረው ከታች ሆነ፤ ሌላ የታየ ነገር የለም።
ናስ ቦታውን የሚፈልገው በጨለማ ነው፣
ሰው አያግዘውም።

ጭቃው ሲሰበር ወጣች፦ ጠቁራ፣ ሻክራ፣ ከነጅማቷ፣
አንዲት ቀዳዳም ይዛ፣ ናሱ ያልደረሰባት፣ ከጠባቡ ወገቧ።
«አልሞላም» አለ ጌታዬ። «ጥፋቱ የእጄ ነው። ገንዘብ አልቀበልም።»
እኔ በሎሚና በአሸዋ አሸሁ፣ ቀና ብዬ ሳላይ።
ዱፊ ተቀበለችኝ፣ ከጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻት።
አልጮኸችም።
ቀዳዳዋን በጣቷ ዳበሰች፦ «ክር ይገባባታል» አለች።
ሂሳቡንም ቆጥራ አስቀመጠች፣ ከነሙሉው።

ከዚያ በጉልበቷ ወርዳ የተሰበረውን ጭቃ ለቀመች፤
በየስባሪው ሆድ የቅርፊቷ መረብ፣ መስመር በመስመር፣ ታትሞ ነበር።
«ናሱ የልጄ ነው» አለች። «እሷን የነካት ይኼ ነው።»
በጨርቋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ወናፉን ሰቀልኩ።
በዚያ ማታ ኦቾሎኒ አቀረቡልኝ፣ አልበላሁም።
በማግሥቱ በላሁ።